«እስማማለሁ» የሚለውን ይጫኑ

ጥብቅና በአገራችን ለብዙ ዘመን የብቸኛ ሰው ሥራ ነበር። አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥን፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመር ነገር ካለ የግድግዳ ሰዓት ነው። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ ከፈቀደ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ድርጅት ያለው ማኅተም ይኖረዋል፣ አርማ ይኖረዋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሲስተም» የሚባል፣ መዝገብና ቀጠሮ የሚይዝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይኖረዋል። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ላለው ቢሯችንም ሲስተም ተገዛለት።

ሻጩ ድርጅት የላከልን ወጣት «የግማሽ ቀን ሥራ ናት» ብሎ ጀመረ። ገና ሲከፍተው ረጅም ውል መጣ፤ ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ አለ። ይህንን ቁልፍ የዓለም ሕዝብ ሳያነብ ይጫነዋል። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቢሯችን አንጋፋ ጠበቃ ግን «ሳታነቡ ፈርሙ ብዬ ማንን መክሬ አውቃለሁ?» አሉና ውሉ በወረቀት እንዲታተም አዘዙ። ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ተቀመጡ። ክርክር ቢነሣ ሥልጣኑ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ነው የሚለው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ «ልደታ እዚህ እያለ?» ብለው ሰረዙት። ሻጩን ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገውንም አሻሽለው በኅዳጉ ጻፉ። ወጣቱ ቀይ የለበሰውን ወረቀት ያያል፣ ኮምፒውተሩን ያያል፤ «በከፊል እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ የለም። በመጨረሻ ቁልፉን የተጫነው እሱ ራሱ ነው። ጋሼም ወዲያው «ያለ ውክልና የተፈጸመ ስለሆነ አያስገድደንም» ብለው ማስታወሻ ያዙ።

ቀጥሎ ሹመት መጣ። ፕሮግራሙ ዋና ሸሪክ፣ ሸሪክ፣ ረዳት ጠበቃ፣ የሒሳብ ኃላፊ፣ የሰነድ ኃላፊ፣ የሲስተም አስተዳዳሪ አምጡ አለ። እኛ ከነጸሐፊያችን አራት ነን። አንድም ቦታ ባዶ አልቀበልም ስላለ ጸሐፊያችን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲሾሙ ዋሉ፤ ደመወዛቸው ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ከዚያ ወዲህ ጋሼ የገዛ መዝገባቸውን ለመክፈት እሳቸውን ማስፈቀድ አለባቸው። ቀድሞም ያስፈቅዱ ነበር፤ አሁን ሕጋዊ ሆነ።

ዋናው መከራ ስም ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። የእኛ ሰው የራሱን ስም ይዞ የአባቱን ያስከትላል፣ ከዚያ የአያቱን። ወጣቱ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን አያቶችን አስገባ። በማግስቱ የቀጠሮ ማሳሰቢያው ሁሉ ለአያቶች ወጣ። የውርስ ጉዳይ የያዝንላቸው አንድ አዛውንት «ክቡር አቶ» ተብሎ ለአያታቸው የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው መጡ። አያታቸው የሞቱት በጣልያን ጊዜ ነው። «ልጄ፣ ሐሙስ ችሎት ይቅረቡ ይላል፤ እንዴት አድርጌ ላቅርባቸው?» አሉኝ።

አያቶች ወጡ፣ አባቶች ገቡ። አሁን ደግሞ አንድ ቢሮ ለሁለት ተቃራኒ ወገን እንዳይቆም የሚጠብቀው የጥቅም ግጭት ማጣሪያ ተነሣ። አባቱ ተስፋዬ የሆነ ሰው ሁሉ የአንድ ቤት ልጅ ነው ብሎ ያዘ። በአዲስ አበባ! የአንዱን ተስፋዬ ልጅ ወክለን የሌላውን ተስፋዬ ልጅ ልንከስ ብንል «ወንድሙን?» ብሎ ይቆማል። በአንጻሩ በትዳር አብረው ያረጁ ባልና ሚስት በአባት ስም አይገናኙምና ለእሱ ባዳ ናቸው፤ ፍቺያቸውን በሁለቱም ወገን ቆመን እንድንከራከር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ፈቅዶልናል።

በአሜሪካ ጠበቃ ጊዜውን በስድስት ስድስት ደቂቃ ቆርሶ ይሸጣል፤ አንድ ሰዓት አሥር ቁራሽ ይወጣዋል። ፕሮግራሙም በዚሁ ልማድ ደንበኛ ገብቶ ስሙ ሲከፈት መቁጠር ይጀምራል። እኛ ዘንድ ዋጋ የሚቆረጠው በጉዳዩ ነው፤ ሰዓት ማን ያያል? ደንበኛችን የእኛን ደኅንነት፣ የልጆቻችንን፣ የዝናቡን ሁኔታ ጠይቆ የጤፍ ዋጋ ላይ ሲደርስ ሦስት ቁራሽ አልቋል። ማሽኑ የሥራውን ዓይነት ምረጡ ይላል፤ ምክር፣ ጥናት፣ ድርድር። ሰላምታ የሚል የለም። ጸሐፊያችን «ድርድር» ብለው መዘገቡት። ስለ ጤፉ ከሆነ ልክ ናቸው።

የ3 ሰዓት ችሎት ማስታወሻ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መጮኹን አላነሣም፤ ጎረቤት ለምዶታል። ጳጉሜንን ግን ዝም አልልም። ተጨማሪ ተከፍሎበት የገባው «የኢትዮጵያ አቆጣጠር» አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያለው። ሐምሌ 20 ቀን የተሰጠን ፍርድ የይግባኝ 60 ቀን ቁጠር ብንለው መስከረም 20 አለ፤ በጣት ሲቆጠር መስከረም 15 ነው። ፍርድ ቤቱ በክረምት ዕረፍት ላይ ነው፣ ምን ያስቸኩላችኋል የሚል ካለ ከይግባኝ ባይ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። ወጣቱ «አምስቷን ቀን ወደ መስከረም ብንቀላቅላትስ?» ሲል ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

ሻጩ ድርጅት በዚህ ሁሉ ላይ የማስተካከያ ክፍያ ጠየቀ፤ ያውም በስድስት ስድስት ደቂቃ ተሰልቶ። ጋሼ ክስ ይዘጋጅ አሉ። መዝገብ ልንከፍት የተከሳሹን ስም ስናስገባ ማያው ቀላ፦ «የጥቅም ግጭት ተገኝቷል። ይህ ድርጅት በአቅራቢነት ተመዝግቧል። ለመቀጠል የሲስተም አስተዳዳሪውን ያስፈቅዱ።»

ጸሐፊያችን ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ለራሳቸው ማመልከቻ ጻፉ፣ አነበቡት፣ ፈቀዱ።