ፊልሙ አለቀ?

ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ደርሼ ነበር። የሰፈራችን ልጅ አባቱ አርፈውበት። ድንኳን ገባሁ፤ ፊቴን አከበድኩ፤ ሐዘንተኛው ፊት ጎንበስ ብዬ «እግዜር ያጥናህ» አልኩት።

«አሜን» አለ። ነጠላውን ከዓይኑ ላይ ገለጥ አድርጎ አየኝ። «ስማ፣ ያ ፊልም አለቀ?»

አባቱን ከቀበረ ሦስት ሰዓት አልሞላውም።

«ገና ነው» አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እኔን ያጽናናኝ ጀመር፤ «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል።» አጠገቡ ንፍሮ ይቅሙ የነበሩ አንድ አዛውንት «ምን ሆኖ ነው?» አሉ። «ፊልም ጀምሮ አልወጣለት ብሎ ነው» አላቸው። አዛውንቱ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ለሟች እንኳን እንደዚያ አልመጠጡም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ቀረፃ የጨረስን ቀን ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጥፌ «በስኬት ተጠናቋል» ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ዓመት ከአምስት ወር ሆነው። ባለሱቁ ዳቦ ሲቆጥርልኝ ይጠይቃል። ሊስትሮው አንዱን እግሬን ጨርሶ ሌላውን ከማስቀመጤ በፊት ይጠይቃል። ለሰው ቀረፃ አለቀ ማለት ፊልም አለቀ ማለት ነው።

እናቴ የምትወደው ተረት አለ፤ «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ»። እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ቅር የሚለኝ ነገር አለው። ሰዉ ተረቱን የሚያነሳው በተዘናጋ ሰው ላይ ለመሳቅ ነው። በርበሬ መቀንጠስ ራሱ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ የሚያስብ የለም። ዛላው ይገዛል፣ ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል። ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል። እንደገና ይሰጣል። ቅመሙ ለብቻው ይታመሳል። ከዚያ ነው ወፍጮ ቤት የሚኬደው። በዚህ መሀል ዝናብ ከመጣ ግቢው በሙሉ ይሯሯጣል። እናቴ በርበሬ አስጥታ ስትቀመጥ ግን አንድም ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «አለቀ?» ብላት አታውቅም። ሰፌዷን ይዛ መጥታ፣ እያስነጠሰች አብራት ትቀነጥሳለች።

ኤዲቲንግም ቅንጠሳ ነው። 41 ሰዓት የተቀረፀ ምስል አለን፤ ከዚያ ውስጥ 90 ደቂቃ ነው የምንፈልገው። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ሲባዛ 129,600 ፍሬም ይሆናል። ዋልተር መርች የሚባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ ኤዲተር የሚሠራው ቆሞ ነው ይባላል። የኛ ኤዲተር ፍራሽ ላይ ተንጋሎ ነው የሚሠራው። ሌላው ነገር ያው ነው።

ፍሪጁ ላይ ልምጣ። እዚህ ፍሪጅ ላይ ቂም አለኝ።

የቀረፅንበት ቤት ባለቤት እትዬ ደግ ሴት ናቸው፤ ቤታቸውን በነፃ ሰጡን። ቡናም አፍልተውልናል። ሳሎኑ ውስጥ ግን የሚያጓራ ፍሪጅ አለ። «እትዬ፣ ለአንድ ሰዓት ብንነቅለውስ?» አልኳቸው። «ውይ ልጄ፣ የክርስትናው ሥጋ አለበት!» የድምፅ ባለሙያዎች ለዚህ የታወቀ ብልሃት አላቸው። ፍሪጁን ነቅለው የመኪና ቁልፋቸውን ውስጡ ያስቀምጣሉ፤ መልሰው ሳይሰኩት ቤታቸው መሄድ አይችሉማ። የኛ ድምፅ ባለሙያ መኪና ስለሌለው የቤቱን ቁልፍ አወጣ። እትዬ ቁልፉንም ልጁንም አዩ። «ፍሪጅ ውስጥ ቁልፍ? ደህና ነህ አንተ?» አሉና በሩን ገጭ አድርገው ዘጉት።

ትዕይንቱ ሚስት ባሏን «ልሄድ ነው» የምትልበት ነው። የፊልሙ ልብ እሱ ነው። እሷን ስንቀርፅ ፍሪጁ ያጓራል። ካሜራውን አዙረን እሱን ስንቀርፅ ሞተሩ በራሱ ጊዜ አረፈ። ኤዲቲንግ ላይ ሁለቱን ስናጣብቃቸው ሴትየዋ አፏን በከፈተች ቁጥር ፍሪጅ ይነሳል፤ ባልየው ሲመልስ ጸጥ ይላል። እሱም ይሁን። የመጨረሻው ላይ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ፣ «ልጆቹንስ ምን ልበላቸው?» ትለዋለች።

ከውጭ «ቆራሌውውው!»

ኤዲተሩ ከፍራሹ ወደቀ፤ እኔ ግን ከምሬ አለቀስኩ። ድጋሚ ድምፅ እንዳናስገባ ተዋናይዋ ዱባይ ሄዳለች። ያንን ትዕይንት ለማጽዳት አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። ከአሥራ አንዱ በሁለቱ መብራት ጠፍቷል፤ አንዴ ኤክስፖርቱ፣ የተሠራውን ወደ አንድ ፋይል ማውጣቱ፣ 97 በመቶ ደርሶ። ታዲያ በየሳምንቱ እየደወለ «አለቀ?» የሚለኝ ማን ይመስላችኋል? እትዬ ናቸው። ከጀርባቸው ፍሪጁ ይሰማኛል።

እሳቸውስ ይሁን፣ ደግ ናቸው። የማልምረው ሌላ ሰው ነው። «የኤዲቲንጉ ወጪ በኔ ይሁን» ብሎ፣ ካሜራ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነስቶ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት ያቆመ አንድ ሰው አለ። ባለፈው ካፌ በረንዳ ላይ አገኘኝ። ሰው በተሞላበት፣ ጮክ ብሎ፣ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገ፣ «አንተ ሰነፍ፣ ዛሬም አላለቀም?» አለ። ማኪያቶዬን እንዲከፍል ብቻ ጠበቅኩ። እሱንም አልከፈለም።

ኦርሰን ዌልስ የሚባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ፊልም መቅረፅ ጀመረ። ቀረፃው ራሱ እስከ 1976 ተጎተተ። ከዚያ የገንዘብና የባለቤትነት ጭቅጭቅ መጣና የተቀረፀበት ኔጋቲቭ ፓሪስ ተቆልፎ ቀረ። ሰውየው በ1985 ሞተ። ፊልሙን ሌሎች ጨርሰውለት ቬኒስ ላይ የታየው በ2018 ነው፤ ከሞተ በ33 ዓመቱ። ቀብሩ ላይ «ያ ፊልም አለቀ?» ያለ አንድ ሰው መቼም አይጠፋም።

ቀብር ካልኩ፣ ለቅሶው ቤት የቀረ ነገር አለ። ልወጣ ስነሳ እኚያ አዛውንት እጄን ያዙኝ። እሳቸውም ሊጠይቁኝ ነው ብዬ «ገና ነው አባቴ» አልኩ፣ አስቀድሜ።

«እሱን አይደለም» አሉ። «ፊልሙ ስለ ምንድነው?»

በዓመት ከአምስት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። አፌን ከፈትኩ። ሚስትየው ለምን እንደምትሄድ ላስታውስ ሞከርኩ። የሚመጣልኝ ጉርምርምታ ብቻ ነው።

«ስለ ፍሪጅ ነው» አልኳቸው።

«ጎሽ» አሉና ንፍሮ ዘግነው ሰጡኝ።