ፒያሳን ጣሊያን አልቆረቆራትም

ወንድሜ፣ «የፒያሳ ዋና መንገድ ይታደስ፤ አሮጌዎቹ ቤቶች የጣሊያን ትራፊ ስለሆኑ ቢፈርሱም አይቆጭም» ብለሃል። መንገዱ ይታደስ ባልከው እስማማለሁ። ታሪኩ ግን እንዲያ አይደለም።

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሰፈሩ አራዳ ይባል ነበር፤ የከተማዋ ትልቁ ገበያ የሚቆመውም እዚያው ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ያሠሩት ወራሪው ከመምጣቱ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ነው። የአርመን፣ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎችና ግንበኞችም ከአገሬው ጋር ሱቅና ቤት መሥራት የጀመሩት በምኒልክ ዘመን ነው። ጣሊያን ስሙን ሰጠ፣ አንዳንድ ሕንጻ ጨመረ፤ ገበያውን ደግሞ ወደ ዛሬው መርካቶ ገፋው።

እስቲ አንድ ቀን ጣይቱ ሆቴል ገብተህ የእንጨቱን ደረጃ ውጣ። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ከፊሉን ሲበላው ስንቱ ሰው አለቀሰ!

የእግረኛው መንገድ ይስፋ፣ ቦዩ ይከደን፣ መብራት ይተከል፤ ደስ ይለኛል። የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት ግን ከነበረንዳው ይጠገን እንጂ «የጣሊያን ነው» ተብሎ አይፍረስ።