ለማሪዋና ፈቃድም ዕጣ?

ዲቪ ያልሞላ ወይም የኮንዶሚኒየም ዕጣ ያልጠበቀ ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል። ሜሪላንድ የማሪዋና ንግድ ፈቃድ በዕጣ ልትሰጥ ነው ሲባል እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሰው ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። «መንግሥት ቢዝነስ በዕጣ ይሰጣል እንዴ?» ብዬ። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። በፊት የነበረውን ላየ ሰው ዕጣው ይሻላል።

በፊት የነበረው የነጥብ ውድድር ነው። በፈረንጆቹ 2016 የግዛቱ ኮሚሽን ለሕክምና የሚውል ማሪዋና የሚያበቅሉ ድርጅቶችን መረጠ። ወደ 150 የሚጠጉ አመለከቱ፤ 15 አለፉ። ገምጋሚዎቹ የአመልካቹን ስም እንዳያዩ ተደርጎ ነበር። ወረቀት ላይ ሲታይ ንጹሕ ነገር ነው። ውጤቱ ሲወጣ ግን ከ15ቱ አንዱም በጥቁር አሜሪካዊ የሚመራ አልነበረም። ከነዋሪው ሲሶ ያህሉ ጥቁር በሆነበት ግዛት! ሕጉ ራሱ ኮሚሽኑ የዘርም የአካባቢም ስብጥር እንዲኖር እንዲጥር ያዝ ነበር። ኮሚሽኑ ለአካባቢ ስብጥሩ ሲል 15ቱ ውስጥ የገቡ ሁለት ድርጅቶችን አውጥቶ፣ ዝቅ ያለ ነጥብ ያመጡ ሁለት አስገባ። ለዘሩ ጊዜ ግን ዝም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ስም መሸፈን ቀላል ነው። ገንዘብ ግን በወረቀቱ ውስጥ ያሳብቃል። የጥበቃ ዕቅዱን፣ የአመራረት ዕቅዱን፣ የገንዘብ ዕቅዱን አሳምሮ የሚጽፈው አመልካቹ ሳይሆን የቀጠረው ጠበቃና አማካሪ ነው። አገር ቤት የጨረታ ሰነድ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም የአብቃዩ ዓመታዊ ክፍያ 125,000 ዶላር ነበር።

በ2023 ማሪዋና ለአዋቂ ሁሉ ሲፈቀድ አሠራሩ ተቀየረ። አሁን መጀመሪያ ብቁ መሆንህ ይጣራል፤ ከዚያ ዕጣ። ከድርጅቱ ቢያንስ 65 በመቶው የማሪዋና ክስ በበዛበት ሰፈር ካለፉት 10 ዓመታት 5ቱን የኖረ፣ ወይም እዚያ መንግሥት ትምህርት ቤት 5 ዓመት የተማረ ሰው ድርሻ መሆን አለበት። በዩኒቨርሲቲ በኩል የሚገባበት መንገድም አለ። ማመልከቻው 5,000 ዶላር፣ ለአነስተኛዎቹ ፈቃዶች 1,000 ነው። በማርች 2024 ከ1,500 በላይ አመልካቾች ለ174 ፈቃዶች ዕጣ ውስጥ ገቡ። አዲሶቹ ሱቆች ለታካሚውም ለሌላውም ይሸጣሉ።

ዕጣ እንከን የለውም አልልም። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ቅድመ ክፍያ ያጣ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እዚህም የደረሰው ሰው ሱቅ የሚከፍትበት ብር ከየት ያመጣል? ብዙ ባንኮች ማሪዋናን የሚከለክለውን የፌዴራል ሕግ ፈርተው ወደዚህ ንግድ አይጠጉም። ፈቃዱን ደግሞ ለአምስት ዓመት ለሌላ ማስተላለፍ አይቻልም። ይቺ ቁርጥ የኮንዶሚኒየም ሕግ ናት።

እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። የማመልከቻው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ቤቴ መጥቶ ከፌስታል ውስጥ የኪራይ ውሎችና የመብራት ቢሎች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። አንዳንዶቹ ቡና ፈሶባቸዋል። አንድ በአንድ በየዓመቱ ደረደርናቸው። ሰፈሩ ይገባል፤ አምስት ዓመቱም ይሞላል። ግን ዜጋ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ነው ያለው። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ግዛቱ ቢፈቅድም እንኳ በማሪዋና ንግድ መሳተፍ ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ሥነ ምግባር» ሊያሳጣ ይችላል። አስቡት፤ ግዛቱ ና እያለ፣ ፌዴራሉ ብትሄድ ወዮልህ ይላል። ይህ ማስጠንቀቂያ ከማመልከቻው አናት ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት። በአማርኛም ጭምር።

ነገሩን ሳስረዳው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ፌስታሉ መለሳቸው።

«ለሲቲዝንሺፑም የአምስት ዓመት አድራሻ ይጠይቃሉ አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ ይጠይቃሉ።»

«በቃ ተደርድረዋል» ብሎ ፌስታሉን ቋጠረ።