ለ«ከዩኒቨርሲቲው አምስት ደቂቃ ብቻ» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር «ከዩኒቨርሲቲው አምስት ደቂቃ ብቻ»
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብና ስለ ርቀትዎ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በመሃል ከተማ የሚከራይ የተማሪ ክፍል በሚተዋወቅበት ቦታ ሁሉ ከኪራዩ በላይ በደማቅ ፊደል ተቀምጠው ስለምናገኝዎ፣ የትምህርት ዘመን በተቃረበ ቁጥር ማደሪያ ፍለጋ በሚንከራተቱ ተማሪዎችና ለእነርሱ በሚከፍሉ ወላጆች ስም ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። በቅድሚያ ለጽናትዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ኪራይ ይጨምራል፣ ሕንፃ ይፈርሳል፣ መንገድ ይዘጋል፤ እርስዎ ግን ከአምስት ደቂቃ ወደ ስድስት ከፍ ብለው የታዩበት ጊዜ የለም። የከተማው ኪራይ ቤቶች በሙሉ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ በአንድ ክብ መስመር ላይ ካልተደረደሩ በቀር፣ የምድር ቤቱም የዘጠነኛ ፎቁም፣ የወንዙ ማዶውም የባቡር ጣቢያ ጀርባውም ክፍል ርቀቱ እኩል አምስት ደቂቃ ሊሆን የቻለበትን ብልሃት የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ቢያውቁት በእጅጉ ይጠቀሙበት ነበር።

እንደሚያውቁት፣ ጤናማ ሰው በተስተካከለ መንገድ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራመዳል። በዚህ ሒሳብ በ5 ደቂቃ የሚሸፈነው ርቀት ከ400 ሜትር እምብዛም አይዘልም፤ እርሱም የእግረኛ መብራት ሳያስቆም፣ ዳገት ሳያጋጥም፣ ላፕቶፕና መጽሐፍ የታጨቀበት ቦርሳ ትከሻ ሳይጎትት ነው። እርስዎ ግን ካርታው ላይ ሁለት ነጥብ ያስቀምጡና በማስመሪያ ያገናኟቸዋል። ከማስመሪያው ሥር የተኙት አጥር፣ ሐዲድና ማቋረጫ የሌለው አውራ ጎዳና የእርስዎ ጉዳይ አይደሉም። ክንፍ ላበቀለ ተማሪ ስሌትዎ እንከን የማይወጣለት መሆኑን ለመመስከር ዝግጁ ነኝ።

ማብራሪያ የምንሻው በእግሩ ለሚሄደው ነው። ጉዞዎ የሚጀምረው ከየት ሆኖ የሚያበቃውስ የት ነው? ጠዋት ሊፍቱ በየፎቁ እየቆመ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሞልቶ እየታየ፣ ከዘጠነኛ ፎቅ ተነሥቶ ምድር እስኪደርስ ድረስ ያለፈው ጊዜ በየትኛው ሒሳብ ተመዘገበ? ከግቢው ዋና በር እስከ መማሪያ ክፍሉ ያለውስ? በተለይ ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናውን ትምህርት በአንድ ግቢ፣ የምህንድስናውን በሌላ፣ የሥነ ጥበቡን በሦስተኛ በሚሰጥበት ከተማ፣ የሕክምና ተማሪዋ ቃልዎን አምና አምስት ደቂቃዋን በትክክል ተራምዳ ስትጨርስ ራሷን ከሥዕል ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ታገኛለች። ወደ ራሷ ግቢ የሚወስደው አውቶቡስ ከዚያ ይነሣል፤ ለዚህም እንኳ ሳያመሰግኑዎት ማለፍ ተገቢ አይሆንም።

ከእርስዎ የማይለየውን ወዳጅዎን፣ ሰፊውን ሌንስ፣ ሳላነሣ ባልፍ ደብዳቤው ይጎድላል። ሙሉ ፍሬም በሚባለው ካሜራ ላይ የተገጠመ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ ጎን 40 ዲግሪ ገደማ ሲያይ፣ የ16 ሚሊ ሜትሩ 97 ዲግሪ ገደማ ያያል። በዚህም የተነሣ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ሁለቱን ግድግዳ የሚነካበት ክፍል የስብሰባ አዳራሽ ይመስላል። ለሚጠነቀቅ ተመልካች ምልክቱ ከፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ ነው፤ እዚያ ያረፈ ማንኛውም ዕቃ ወደ ዳር ስለሚለጠጥ፣ ትራሱ የአልጋውን ግማሽ የሚያክል ከሆነ ክፍሉ ጠባብ መሆኑን በእርግጠኝነት መገመት ይቻላል። በአካል ሲደርሱ የሚያዩት ሌላ ነው። በሩ እስከ አልጋው እግር ድረስ ብቻ ይከፈታል፤ ተከራይዋ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውልቃ በእጇ ይዛ በጎን ትገባለች። የልብስ ሣጥኑን ለመክፈት ወንበሩ ከጠረጴዛው ሥር መውጣት፣ ወንበሩም ወጥቶ የሚያርፍበት ቦታ ስለሌለ አልጋው ላይ መቀመጥ አለበት። መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ በክንድ ርቀት ላይ ስለሚገኝ፣ በእርግጥም ቅርብ የሆነ ነገር በመጨረሻ ተገኝቷል።

ቅርበትን ካነሣን አይቀር፣ ታናሽ ወንድምዎ «ለሁሉም ነገር ቅርብ» የዘረዘሩትንና ያልዘረዘሩትን መለየት ይገባል። የዘረዘሩት ገበያው፣ ሆስፒታሉ፣ ሲኒማ ቤቱና የአውቶቡስ ፌርማታው ናቸው። ያልዘረዘሩት ደግሞ የሆስፒታሉ አምቡላንስ፣ ከንጋት በፊት የገበያውን ቆሻሻ የሚያነሣው ከባድ መኪና እና ሙዚቃው ቢቀር ዱምዱምታው ግድግዳ የሚያልፈው የምሽት ክበብ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ከቀጭኑ ይልቅ በግድግዳና በመስታወት ለመታገድ እጅግ አስቸጋሪ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በመኝታ ክፍል ውስጥ ሌሊት የሚዘልቅ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ዴሲቤል የሚቆጠረው እንደ ተራ ቁጥር ባለመሆኑ፣ ከ30 ወደ 40 መድረስ ማለት የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ከመስኮቱ ሥር አውቶቡስ ሞተሩን ሳያጠፋ በሚቆምበት ክፍል ውስጥ ተማሪው ሌሊቱን ምን እያደረገ እንደሚያነጋ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ክፍሉን የሚያሳዩ ሰዎች ዘወትር የሚመቻቸው ረፋድ፣ ያውም ክበቡ ተዘግቶ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ በሄደበት ሰዓት የሚሆነው በአጋጣሚ ነው ብዬ ለማመን ብዙ ጥሬአለሁ።

ይህን ሁሉ ማለቴ የመሃል ከተማ ኪራይ መወደዱን እንደ ወንጀል ቆጥሬው አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ዊሊያም አሎንሶ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳብራራው፣ ከማዕከሉ በራቁ መጠን የቦታ ዋጋ የሚቀንሰው ሰው በኪራይ ያተረፈውን ለጉዞ ስለሚከፍል ነው። ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ ለሚያነብ፣ ማታ ቤተ ሙከራ ላለበት፣ ከትምህርት በኋላ እዚያው አካባቢ ተቀጥሮ ለሚሠራ ተማሪ የመጨረሻውን አውቶቡስ አለመጠበቅ ብቻውን ዋጋ ያወጣል፤ በእኔ ግምት እንዲያውም ከክፍሉ ስፋት ይበልጣል። ነገር ግን በዚህ ውል ተማሪው የሚገዛው ደቂቃ ነው፤ ደቂቃዎቹ በመንገድ ላይ ሲያልቁ ኪራዩ ግን እንደ መሃል ከተማ ሲከፈል፣ አሎንሶ ያልጠረጠረው ሦስተኛ ዓይነት ቦታ ተፈጠረ ማለት ነው፤ የሩቅን ጉዞ ከቅርብ ዋጋ ጋር ያጣመረ።

በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ትምህርት ያለው ተማሪ ደግሞ የተለየ ስሌት ያስፈልገዋል። ግማሽ ሰዓት በአውቶቡስ ሄዶ ግማሽ ሰዓት ቢመለስ በሳምንት የሚያጠፋው 3 ሰዓት ነው፤ ያንንም ተቀምጦ እያነበበ ሊያሳልፈው ይችል ይሆናል። የፊዚክስ ሊቁ ቼዛሬ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ ሰዎች በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ለጉዞ እንደሚያውሉ፣ ይህም ከእግር ወደ መኪና ሲሸጋገሩ እንኳ ብዙም እንዳልተለወጠ አስረድቷል። የእርስዎ ተጽዕኖ ግን ይህን የኖረ ልማድ እንደ መዓት አስቆጥሮ፣ ተማሪው የሳምንት 3 ሰዓት ለማዳን የሰባት ሌሊት እንቅልፉን እንዲሸጥ አግባብቶታል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ትሕትናዎ ነው። የኪራይ ውሉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ፊርማው ቦታ ቢያገላብጡ እርስዎ የሉም። በግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት መከልከሉ አለ፤ የማብሰያ ቤቱ ማንኪያና ሹካ በቁጥር ተዘርዝሯል፤ «ሁሉን ያካተተ» የተባለው ኪራይ ከተወሰነ መጠን ያለፈውን መብራትና ውኃ እንደማያካትት በትናንሽ ፊደላት ሰፍሯል። ትምህርቱ ዘጠኝ ወይም አሥር ወር ሲሆን ኪራዩ አሥራ ሁለት ወር እንደሚከፈልም ተጽፎ ይገኛል። በጋራ ውል ከፈረሙት ደባሎች አንዱ ጥሎ ቢሄድ ድርሻውን የቀሩት እንደሚሸፍኑ የሚያስገድደው አንቀጽም ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ለተማሪው መሃል ከተማን ያስመረጡት እርስዎ ሆነው ሳለ፣ ቀብዱ ተከፍሎ ብዕር ሲነሣ ግን ሹልክ ብለው ይወጣሉ፤ ለማንኪያው የሚመሰክር ወረቀት ስለ እርስዎ አንዳች አይናገርም።

ስለዚህ በሥራ ቀን፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሲል፣ ከዘጠነኛው ፎቅ ክፍል በር ተነሥተን እስከ መማሪያ ክፍሉ ወንበር ድረስ አብረን እንድንራመድ በአክብሮት እጋብዝዎታለሁ። ሰዓት እኔ እይዛለሁ፤ ቦርሳውን እርስዎ ይይዛሉ። በዚያው ዕለት እኩለ ሌሊት ላይ ተመልሰን መስኮቱን ከፍተን ጥቂት ብንቀመጥም መልካም ነው። ግብዣውን የሚቀበሉ ከሆነ የምንገናኝበትን ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እየጠየቅሁ፣ ምላሽዎ አምስት ደቂቃ ብቻ እንደሚፈጅ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ክፍል ፈላጊ

ግልባጭ፦
ለ«ጸጥ ያለ አካባቢ»
ለ«ሁሉን ያካተተ»
ለ«ዛሬውኑ ካልያዙት ያመልጥዎታል»