«ሁለት መቶ ግራም ምን አላት?»

የኮዬ ፈጬ ሰዎች፣ ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

ቅዳሜ ለታ ከኮንዶሚኒየማችን በር ላይ አንድ ኪሎ ቲማቲም ገዛሁ። ቤት ገብቼ ብመዝነው 800 ግራም። ተመልሼ ወረድኩ። ሻጯ ፈገግ አለችና «ጋሼ፣ ሁለት መቶ ግራም ምን አላት? ኑሮ እኮ ነው» ብላ ሦስት ቲማቲም ጣል አደረገችልኝ። ከሚዛኑ ሳህን ሥር የተለጠፈችውን ማግኔት አየኋት። ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ፌስታል ይከፍትላታል። እሱም ያያል።

ማግኔቷስ ትሁን። አለመደንገጧ ነው የከነከነኝ።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ሰዎችን በብርጭቆ ዕቃ የተሞላ ሳንቲም እያሳዩ «ስንት ይሆናል?» ይሏቸዋል። ግምቱን ለሌላ ሰው አጋኖ የተናገረ ይጠቀማል፣ ያኛው ይጎዳል። ሰዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ዋሹ። ከዚያ ጨመር አደረጉ። ከዚያም ጨመሩ። የአንዳንዶቹ አንጎል በመሣሪያ እየታየ ነበር። አሚግዳላ የምትባል ለውዝ የምታክል የአንጎል ክፍል አለች፤ ፍርሃትና ድንጋጤ ሲመጣ የምትነቃው እሷ ናት። በመጀመሪያው ውሸት በደንብ ነቃች። ውሸቱ ሲደጋገም እየደከመች ሄደች። ይባስ ብሎ፣ እሷ ይበልጥ በደከመች ቁጥር ቀጣዩ ውሸት ይበልጥ ተለቅ ይል ነበር።

እኛማ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ብለን ከጨረስነው ስንት ዘመናችን! ፈረንጅ በማሽን አየው እንጂ።

እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። አንድ ቀን ከቱሉ ዲምቱ ስመለስ የታክሲው ረዳት መልስ አብዝቶ ሰጠኝ። ዝም አልኩ፤ ልቤ ግን ድው ድው ሲል ይሰማኝ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ተሳሳተ። በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ኪሴ ከተትኩት። ልቤም ዝም። አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ ያ የልቤ ዝምታ ነው።

እና እናንተ በርበሬ ላይ ሸክላ የምትፈጩ፣ ቅቤ ላይ ሙዝ የምትለውሱ፣ መሸ ብላችሁ አንዱን መንገድ ለሁለት ቆርጣችሁ የምታስከፍሉ፣ ለአንድ ፊርማ «የሻይ» የምትሉ፦ «ምንም አይሰማኝም፣ ህሊናዬ ንጹህ ነው» አትበሉኝ። የድንጋይ ፈላጭ መዳፍ አልታመመም ማለት መዶሻው ለስላሳ ነው ማለት ነው እንዴ? «እንግዲያው ጥፋቱ የአንጎሌ ነው» የሚልም አይጠፋም። ተው ወንድሜ! ያስለመድከው አንተ ነህ።

ኑሮ መወደዱን እኔም በኪሴ አውቀዋለሁ። በኪሎው ላይ ጨምሩ። እከራከራችኋለሁ፣ አኮርፋለሁ፣ ከዚያ እገዛለሁ። ኪሎው ግን ኪሎ ይሁን።

ደግሞ ልጆቹ አሉ። ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ ቆም ብሎ የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል፣ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ እስክንደርስ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ የሚያመዛዝነው ከእናቱ እጅ ያየውን ይዞ ነው።

እሁድ ጠዋት በዚያው በር ሳልፍ እናትየዋ ዞር ብላለች። ሚዛኑ ፊት ልጁ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ላድርግልህ?» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ማግኔቷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።