ይድረስ ለአዛኝ ቅቤ አንጓቹ «የአይቲ ድጋፍ ክፍል»

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ከጠፋው ፓስዎርዴ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት የላክህልኝ ኢሜይል ደርሶኛል። የመልእክት ሳጥኔ ሞልቷል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጥኩ ይዘጋል ብለሃል። ለእኔ ስትል እንቅልፍ ማጣትህ አንጀቴን በላው።

እውነቱን ለመናገር ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ። ባለፈው ዋይፋይ እምቢ ብሎኝ የግቢያችን አይቲ ቢሮ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ለቅሶ፣ አንዴ «ቁልፉ ከእገሌ ጋር ነው»። ሳልጠራው በሌሊት የሚደርስልኝ ከየት ይመጣል? ደግሞ «ውድ ተጠቃሚ» አልከኝ። ደመወዝ የሚከፍለኝ ቤት «ውድ» ብሎኝ አያውቅም።

ግን ሊንኩን ነካሁት። ገጹ ቁርጥ የእኛው ነው፤ ጠርዙ የተቆረጠው አርማችን እንኳ አልቀረም። ሁልጊዜ ፓስዎርዴን ራሱ የሚሞላልኝ ብራውዘር ዝም አለ። አድራሻው ሌላ ስለሆነ አላወቀህማ! እኔ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው» ብዬ በእጄ ጻፍኩልህ። «ተሳስቷል፣ እንደገና ይሞክሩ» አልክ። ደገምኩ። የባንኩን ፓስዎርድም ሞከርኩልህ። እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም።

አድራሻውን ያየሁት በኋላ ነው። ከፊት የዩኒቨርሲቲያችን ስም ተጽፏል። ሰውን ስሙን ብቻ ጠይቀው ቤት አያስገቡትም፣ የማን ልጅ ነህ ይባላል። የእኛ አባት፣ ከኋላ የሚመጣው፣ «ኢዱ ዶት ኢቲ» ነው። የአንተን አባት እስካሁን የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ በእኔ ስም ለመላው ዲፓርትመንት ጻፍክ። ሰባት ሰው ወዲያው ከፈተው። የምርምር ጽሑፌን ይህን ያህል ሰው አንብቦልኝ አያውቅም።

ቤተሰብህንም እየተዋወቅኩ ነው። ታናሽ ወንድምህ በዲናችን ፎቶ ቴሌግራም ከፍቶ «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መደወል አልችልም፣ እባክሽ 5 ሺህ ብር በቴሌብር ላኪልኝ» አለኝ። «እባክሽ» ሲል ነቃሁ። ዲኑ ዘንድ ደወልኩ። ካፌ ቁጭ ብሎ ሽሮ ይበላል። እህትህ ደግሞ ተማሪዎቼን ይዛለች፤ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ትላለች፣ ቀጥላ የማመልከቻ 1,500 ብር። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ እንኳ ለማመልከቻ ሳንቲም አይጠይቅም፣ እሷ ከየት የመጣች ናት?

ፓስዎርዶቼን ሁሉ ቀይሬያለሁ፣ የባንኩንም። አሁን ለመግባት ስልኬ ላይ የሚመጣ ኮድም ያስፈልጋል። ደውለህ «ኮዱን ንገሪኝ» ማለትህ እንደማይቀር አውቃለሁ። መልሴን ከወዲሁ ያዝልኝ፦ ቁልፉ ከእገሌ ጋር ነው።

ያንተው፣
ውድ ተጠቃሚ