ኪስ የምትገባ ጆሮ

የእድር ስብሰባ ምንም ይዞ ይጀመር ማለቂያው «ብለሃል» እና «አላልኩም» ነው። የድንኳን ኪራይ ስንት ይሁን፣ ቅጣት ከመቼ ይጀምር፣ የተሰበረውን ወንበር ማን ይተካ፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ቃለ ጉባኤ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። የእኛ ቃለ ጉባኤ ግን የሚያውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ጉባኤው በሰፊው ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።» ሁለት ሰው አንገት ለአንገት ቢተናነቅ፣ አንዱ ጋቢውን ጥሎ ቢወጣ፣ ሽማግሌ ገብቶ ቢመልሰው፣ ጸሐፊያችን የሚጽፉት ይህንኑ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሆነውን ሳይሆን መሆን የነበረበትን ነው የሚጽፉት።

በዚህ መሃል አንዱ ተነሳና «ሪከርደር ይገዛ» አለ። በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ይሄኛው እንኳ እውነት ነው። ሁሉም እጁን ያወጣው ሌላው ሰው ሲቀዳ እየታየው ነው።

ገዢ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። የሰፈሩን ሰው ስልክ ላይ ቴሌግራም የምጭነው እኔ ስለሆንኩ እንደ ኢንጂነር ነው የምቆጠረው።

«ስልክ እያለ ምን ሲደረግ?» ያለ አልጠፋም። እውነት ነው፣ ስልክም ይቀዳል፤ ጥሩ አድርጎ ነው የሚቀዳው። ግን መሃል ላይ ይጠራል። ሚሞሪው በክርስትናና በሠርግ ፎቶ ተጨናንቋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስልክ ባለቤት አለው። የእድሩ ገመና በአንድ ሰው ኪስ ሲያድር ማን እንቅልፍ ይወስደዋል? ሪከርደር ሥራዋ አንድ ነው። ትሰማለች፣ ታስቀምጣለች። አይደወልላትም፣ አትደውልም።

ኮሚቴው «ኪስ የምትገባ ትሁን» አለ። ሰብሳቢው የኮታቸውን የውስጥ ኪስ ከፍተው አሳዩኝ። መነጽር፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ የታጠፈ የውሃ ቢል። ገንዘብ ያዧ እትዬ ግን «እኔ ኪስ የት አለኝና?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሚለብሱት የሐበሻ ቀሚስ ኪስ የለውም። የእድሩ ብር ራሱ ባንክ እስኪገባ የሚያድረው መቀነታቸው ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ነው። ስለዚህ መለኪያው ተቀየረ፤ መቀነት ላይ ተቋጥራ የማታስታውቅ። ይህን ካርቶኑ ላይ የሚጽፍ ፋብሪካ እስካሁን አላገኘሁም።

ገበያ ወጣሁ። ባለሱቁ ልጅ «ድምፅ መቅጃ» ስለው ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር እስክሪብቶ አወጣ። «ይሄን ማንም አይነቃበትም» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ለእድር ነው አልኩት። «ገባኝ፣ ገባኝ» አለና ይበልጥ ጠጋ አለ። «ገንዘብ ያዡ ነው አይደል?» ቁልፍ መያዣ የሚመስልም አሳየኝ። እሱ ደግሞ ለትዳር ነው አለ። በዚህ ከተማ ትንሽ ሪከርደር የሚገዛ ሰው ያለ ተንኮል ሊገዛ እንደሚችል ማንም አያምንም።

መጨረሻ ላይ «64 ጊጋ» የተጻፈባት ጥቁር ነገር አቀበለኝ። ዋጋዋ የ4 ጊጋ ነው። ሊገዛ ያሰበ ካለ ይችን ይያዝልኝ። አንዳንድ ርካሽ ሚሞሪ ለኮምፒውተሩ 64 ነኝ ብሎ ይዋሻል። እውነተኛ ሆዱ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፣ ወይ ሁሉንም ያበላሻል። መፈተኛው አፉ ድረስ ሞልቶ መልሶ ማጫወት ነው። «እንደሱ ልሞክራት» ስለው ልጁ እስክሪብቶውንም ጥቁሯንም ሰብስቦ መለሰ።

ደግሞስ 64 ምን ይሠራል? የእህቴ ልጅ ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው የሚማረው። ለጥናቱ ቃለ መጠይቅ ሲቀዳ ስለከረመ እውቀቱ አለው። «አጎቴ፣ በዌቭ ይሁን፤ ኤምፒስሪ ድምፁን ይቆራርጠዋል» አለኝ። ዌቭ ድምፁን ሳይጨምቅ እንዳለ ያስቀምጣል፣ ኤምፒስሪ ጨምቆ ያሳንሰዋል ማለቱ ነው። አብረን አሰላነው። በሲዲ ጥራት በዌቭ ከተቀዳ 1 ሰዓት 635 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። 128 ኪሎቢት በሚባለው ኤምፒስሪ ከሆነ 1 ሰዓት 58 ሜጋባይት ቢሆን ነው። እንግዲህ 4 ጊጋ በዌቭ 6 ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ በኤምፒስሪ ወደ 70 ሰዓት። 6 ሰዓት ለእኛ ዓመታዊ ጉባኤ ከሰላምታው አያልፍም። ዌቭ ለማሲንቆ ነው። «የእኔ ሐሳብ ከቀደመው ተናጋሪ የተለየ አይደለም» ብሎ ጀምሮ ሩብ ሰዓት የሚወርድን ሰው በሲዲ ጥራት ማን ያዳምጠዋል?

ሰብሳቢው ይህ ሁሉ ቁጥር አልጣማቸውም። «ካሴት ነበር ጥሩ» አሉ። «በ45 ደቂቃ ያልቅና ትገለብጠዋለህ። ያኔ ሰውም ያርፋል።» አልተሳሳቱም። የ90 ደቂቃው ካሴት ስንት ተናጋሪ በትህትና አስቁሟል።

ዋናው ጣጣ ነፋስ ነው። ክረምት ካልሆነ በቀር አዳራሽ አንገባም፤ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ነው የምንሰበሰበው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ይነፍሳል። ለእኛ ደስ ይላል። ሰው የሚሰማው በጆሮው ብቻ አይደለም፤ አንጎሉ የማይፈልገውን ድምፅ ወደ ኋላ ይገፋለታል። ማይክ ግን አማካሪ የለውም፣ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። አንዷን ሪከርደር ተውሼ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኳትና ሰብሳቢው የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። መልሰን ስንከፍታት መጀመሪያ ጉርርር የሚል ነፋስ መጣ። ቀጥሎ የስኒ ኳኳታ። ቀጥሎ የፈንድሻ ማላመጥ። አንዲት ፍሬ ጥርስ ላይ ስትሰበር፣ ወደ ጉንጭ ስትዞር፣ ስትዋጥ፤ አንድም አልቀረ። ሰብሳቢያችን ከሩቅ ነው የሚሰሙት፤ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ቆመው የሚጣሩ ነው የሚመስሉት። ሁላችንም ዝም ብለን አዳመጥን።

«በስመ አብ! ማነውሳ እንዲህ የሚያላምጥ?» አሉ እትዬ።

ሁሉም አፉን ጠረገ። የሳህኑ ፈንድሻ እንዳለ ተመለሰ።

መድኃኒት ግን አለው። ማይኩ ላይ የምትለበስ ትንሽ ስፖንጅ አለች፤ ነፋሱን ትሰብረዋለች። «ሎው ከት» የምትል ማስተካከያ ደግሞ ወፍራሙን ጉርምርምታ ትቆርጣለች። የስኒው ኳኳታ የሚመጣው በጠረጴዛው እንጨት በኩል ስለሆነ ከሥሯ የታጠፈ ነጠላ ማድረግ ይበቃል። ኪስ ውስጥ አድርጎ መቅዳት የሚያምረው ሰው ደግሞ እንዲያውቀው ያህል፣ የሚቀዳው የጨርቅ ፍትጊያ ነው። ኪስ ለመያዣ እንጂ ለመቅጃ አይሆንም።

አንዳንዷ ሪከርደር ድምፅ ሲኖር ብቻ የምትቀዳበት ዘዴ አላት። ዝም ሲባል ትቆማለች፣ ሲወራ ትነሳለች። ባትሪም ሚሞሪም ይቆጥባል ተባለ። ችግሩ ለመንቃት ትንሽ ስለሚፈጅባት የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ትውጣቸዋለች። አማርኛ ደግሞ እምቢታውን የሚያስቀምጠው መጀመሪያ ላይ ነው። «አልከፍልም» ያለው ሰውዬ «ከፍልም» ብሎ ይወጣል። ደግሞ የእኛ ስብሰባ ዝም የሚለው «ማን ያዋጣ?» ሲባል ብቻ ነው። መቀዳት ያለበት ዋናው ነገር ያ ዝምታ ሆኖ ሳለ እሷ እሱን ዘላ ታልፈዋለች።

ሰዓትና ቀን ሙላ ስትለኝ ሌላ ክርክር ተነሳ። እሷ የምታውቀው 12 ወር ነው። በእኛው አቆጣጠር ይሞላ ያለው ወገን አሸነፈ። ከዚያ አንዱ «የጳጉሜን 3ቱ ስብሰባ የት ሊገባ ነው?» ሲል ሁሉም ቆመ። ሳይሞላ ይቅር ተባለ። እንዳልሞላች ካደረች ደግሞ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችውን ቀን ነው የምትለጥፈው። ስለዚህ የእኛ እድር ስብሰባ ሁሉ የተካሄደው በአንድ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዕለትና ማግስት ነው።

ግዢው ሊያልቅ ሲል የኮሚቴው ሰዎች ተራ በተራ ቤቴ መምጣት ጀመሩ። አንዱ ሎሚ ይዞ፣ ሌላዋ የዘጌ ቡና ይዛ። ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ጤና ይጠየቃል። ከዚያ ድምፅ ዝቅ ይላል።

«ለመሆኑ፣ ይጠፋል?»

«ምኑ?»

«የተቀዳው ነዋ። መሃሉን ብቻ ማጥፋት ይቻላል?»

ይቻላል፤ መሃሉን ብቻ ቆርጠው የሚያጠፉ አሉ። ስለ ማይክ የጠየቀኝ የለም። ስለ ባትሪ የጠየቀኝ የለም። ስለ ማጥፊያው ግን ሁሉም ጠየቀኝ። አልፈርድባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ ሰላምታ ቀድተው ሲልኩ፣ ከተሰማ በኋላ ቅጂው እንዲጠፋ አሳስበው ነበር። ያን ያህል አገር የሚገዙ ሴትዮ «ብለሻል» መባልን ከፈሩ የእኛ ኮሚቴ ምን ያድርግ?

ገዛኋት። 4 ጊጋ፣ ባለ ስፖንጅ፣ ቀጭኗን የሪሞት ድንጋይ የምትበላ። መብራት ጠፍቶ ቻርጅ አላደረግኩም የሚል ሰበብ እንዳይኖር ብዬ ነው። ድንጋዩን ለሪሞት ወሰዱት የሚለውን ሰበብ አላሰብኩትም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ነጠላ ላይ አስቀመጥኳትና ቀይዋ መብራት በራች። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው ዜና አንባቢ ሆኑ። ጎረቤቱን «አንተ ቀማኛ» ሲል የኖረው ሰው «የተከበሩ ወንድሜ ያነሱት ሐሳብ ተገቢ ነው» አለ። የተከበሩት ወንድሙ ደንግጠው ዞር ብለው አዩት። አስተያየት ያለው ተባለ። የለም። ተቃውሞ? የለም። ሰው ሁሉ አይኑን መብራቷ ላይ ተክሏል። ቡናው ቶና ሳይደርስ አጀንዳው አለቀ።

ዘጋኋት። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም።

«እህሳ» አለ አንዱ፣ ወንበሩን ወደ መሃል እየሳበ። «አሁን እንነጋገር።»

እስኪመሽ ተነጋገርን። ጋቢ ተጣለ፣ ሽማግሌ ገባ። ጸሐፊያችንም ደብተራቸውን ገልጠው ጻፉ፦ «ጉባኤው በሰፊው ከተወያየ በኋላ…»

ሪከርደሯ ሥራ ያገኘችው እትዬ ዘንድ ነው። መዋጮ ሊሰበስቡ ሲሄዱ በግልጽ ባለዕዳው ፊት ይይዟታል። «ለደመወዝ እከፍላለሁ» ይላል፤ ይቀዳል። ደመወዝ ሲደርስ ደጁ ቆመው ድምፁን ራሱን ያሰሙታል። ምስጋና ይግባትና ብር መግባት ጀመረ። ሰው ግን ወዲያው ነቃ። አሁን «ለደመወዝ ትከፍላለህ?» ሲባል አፉን አይከፍትም። ትንፋሹን ህእ ብሎ ወደ ውስጥ ይስባል። እኛ ዘንድ ይህ ሙሉ አዎ ነው። ሪከርደሯ ዘንድ ግን ምንም አይደለም።

እትዬ ይዘዋት መጡ። «ልጄ፣ ትንፋሽ የምትሰማ የላቸውም?»

የማይኩን ስሜት ከፍተኛው ላይ አደረግኩላቸው። አሁን ይሰማል። ባጃጁም ይሰማል፣ የጎረቤት ውሻም ይሰማል፣ በመሃል ቀጭን ህእ ትሰማለች። ባለዕዳው ጆሮውን አስጠግቶ በጥሞና አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ኧረ እትዬ፣ ይሄ የእኔ ትንፋሽ አይደለም።»